የጨረቃ ቤት ካርታ

«የመንግሥትን የጨረቃ ዕቅድ ቤታችሁ ላለ ትልቅ ሰው አስረዱ» የሚል የቤት ሥራ ተሰጥቷት፣ ልጄ አያቷን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ፊቷ ቆመች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትንሽ ትንሽ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ ደግሞ እንግሊዝኛ አታውቅም። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ፤ ከሆስፒታል ሥራዬ ገና መግባቴ ስለነበር ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም።

ልጄ አነበበች። የአሜሪካ መንግሥት ሰው ወደ ጨረቃ ሊመልስ ነው። አሁን ግን ባንዲራ ተክሎ መመለስ የለም፤ መኖሪያ ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ማርስ ይቀጠላል። ቤቱ ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ ቦታ ይመረጥለታል፤ ውኃው ከበረዶ ይወጣል።

«መንግሥት የጨረቃ ቤት ሊሠራ ነው» ብዬ አሳጠርኩት።

ምላሴን በቆረጠው! አገር ቤት የጨረቃ ቤት የሚባለው ያለ ፈቃድ፣ ደንብ አስከባሪ ሳያይ፣ በጨረቃ ብርሃን የሚቆም ቤት ነው። እኔም ያደግኩት እናትና አባቴ እንደዚያ ባቆሙት ቤት ነው። ካርታ ለማውጣት እናቴ ስንት ዓመት ወረዳ ተመላለሰች። «ነገ ነይ» ይሏታል፤ ነገ ስትሄድ ኃላፊው ስብሰባ ነው። አባቴ ሞቶ ተቀበረ፣ ኃላፊው ገና ከስብሰባ አልወጣም።

«ትንሽ እኛ ጋ አርፈሽ ትመለሻለሽ» ብዬ ያመጣኋት እኔ ነኝ። በመጣች በአምስተኛው ሳምንት የአገር ቤቱ ጎረቤታችን ደወለ። ደንብ አስከባሪዎች በሩ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው፣ ካርታ የለውም፣ ሰውም የለበትም ብለው አፍርሰውታል። እዚህ አሜሪካ፣ ስኔሊንግ አቨኒው የሚባለው መንገድ ዳር መኪናዬን አቁሜ «ካርታ የለውም ብለው አፈረሱት?» እያልኩ ጮህኩ። ልጄ ከኋላ ማዳመጫ ሰክታ ነበርና አልሰማችም ብዬ ነበር።

ጨረቃ ምን አደረገችኝ? የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንዱ መንግሥት ገና ላልሄደ ሰው መኝታው የት ይሁን ብሎ ይጨነቃል፤ የኛው በቁም ያለችውን ሴት ቤት ለማፍረስ አንድ ቆርቆሮ ቀለም በቃው። እኔስ ከእነሱ በምን እሻላለሁ? «ቤቱ ደህና ነው» እያልኩ ሰባት ወር ዋሸኋት። እሷም የበሩን ቁልፍ ከማተቧ ጋር አስራ ይዛለች።

እናቴ ሳቀች። «መንግሥት ራሱ የጨረቃ ቤት? ደንብ አስከባሪ ቢመጣበትስ? ለመሆኑ ካርታ አላቸው?»

ንዴቴን ውጬ ለልጄ ተረጎምኩላት፤ የቤቱን ካርታ ግን ልጄ የምታውቀውን፣ አገር የሚታይበትን ካርታ አደረግኩት።

ልጄ በእንግሊዝኛዋ የጨረቃ ሙሉ ካርታ አላቸው፣ ማንም ያልረገጠው ቦታ ሳይቀር አለበት አለች። ይህንኑ ለእናቴ ነገርኳት።

«ካርታ ካላቸውማ ማን ይነካቸዋል» አለች እናቴ፣ ቁልፏን እየነካካች። «እኔም ስመለስ መጀመሪያ የምሄደው ወረዳ ነው። ዘንድሮስ አይመልሱኝም።»

ልጄ ወረቀቷን ዝቅ አደረገች። አንዴ እኔን፣ አንዴ አያቷን አየች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በተሰባበረ አማርኛ፣ «የአያቴ ቤት ካርታ የለም? ለዚህ ነው ያፈረሱት?» አለች።

እናቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለች?» አለችኝ። «ተርጉሚልኝ።»