ከንጋት በፊት የተነገረ መርዶ

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት አንድ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ዛፍ» ብሎ ጻፈና፣ ይህን ቃል ከዛፉ ጋር ያሰረው ማን ነው ብሎ ጠየቀን። ሰው በዚህ ጉዳይ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ሲከራከር እንደኖረ ነገረን። ስም ከነገሩ ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው ያሉ ነበሩ፤ የለም፣ ሰዎች ተስማምተው ያወጡት ነው ያሉም ነበሩ። በኋላ የመጡት ደግሞ የቃልን ትርጉም የሚፈልግ ሰው፣ ሰዎች በቃሉ ምን እንደሚያደርጉበት ይመልከት አሉ። እኔ የምጨነቀው የአቃቂ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነበር። ስለ ዛፍ ለመከራከር ጊዜ የሚተርፋቸው ሰዎች ይገርሙኝ ነበር።

ጊዜው የባድመ ጦርነት ነው። ታላቅ ወንድሜ ግንባር ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤት የቀረነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ ጉልበቷን የጨረሰችው ሰፈራችን ካለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሽመና ክፍል ውስጥ ነው። በዚያ ጫጫታ ድምፅ ስለማይሰማ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በከንፈርና በእጅ ነበር። ጡረታ ከወጣች በኋላም ሰው ሲያናግራት ፊቱን አጥብቃ ታያለች። አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን የዚያው ክፍል ባልደረባዋ ነበረች፤ የእሷም ልጅ ከወንድሜ ጋር ነው የዘመተው። ወንድሜ ከመዝመቱ በፊት የማታ ፈረቃ ይሠራ ስለነበር እናቴ በሩን ሳትቀረቅር የመተኛት ልማድ ነበራት። ዘምቶም ልማዷን አልተወችም።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ በራችን ተንኳኳ። እናቴ ወጣች። የእድራችን ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል። እኛ ዘንድ ሞት የሚነገረው በዚያ ሰዓት ነው፤ አፍ መክፈት እንኳ አያስፈልግም፣ የሰዎቹ መምጣት ይበቃል። እናቴ አንዴ አየቻቸውና ጮኻ ወደቀች።

«ኧረ የአንቺ አይደለም! ልጅሽ ደህና ነው! ስሚን እንጂ!» ይላሉ ዳኛው።

እውነታቸውን ነበር። የመጡት ለጎረቤታችን መርዶ ሊነግሩ ነው። መርዶውን ሰምታ ስትወድቅ የምትይዛት የቅርብ ሰው ትኑር ብለው እናቴን አስቀድመው ሊጠሩ ነበር። ያን ሁሉ ዕድሜ ተሸክመው፣ ይህች ሴት በዚህ ሰዓት ስታየን ምን ትሆናለች ብሎ ያሰበ አንድ ሰው በመካከላቸው አልነበረም። ዛሬም ሳስታውሰው ያናድደኛል።

ጩኸቱን የሰማችው ጎረቤታችን ነጠላ እንኳ ሳትደርብ ሮጣ መጣች። እናቴን አቅፋ «ወይኔ እህቴን! ወይኔ ልጄን!» እያለች ደረቷን ትመታለች። ሦስቱም ሽማግሌዎች እሷን ብቻ ተመለከቱ። ቀና ስትል ዓይናቸውን አየች። እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ወንድሜ በሕይወት አለ ብሎ እናቴን የሚያሳምናት ጠፋ። «ሁለቱን በአንድ ቀን መንገር ቢከብዳቸው የእኔን አቆዩት» ትላለች። ደህና ነው ብንላት አታምንም። የሞተም ሰው መርዶው እስኪነገር ድረስ ደህና ነው ይባላል፤ እሷ ራሷ ለስንቱ እናት ብላዋለች። ለርኅራኄ ብለን ስንዋሽ ኖረን፣ እውነቱን መናገር ስንፈልግ የምንናገርበት ቃል አጣን። እናቴ በሩን በጊዜ መቀርቀር ጀመረች። ምግብም ተወች፤ ዓይኔ እያየ አለቀች።

አንድ ቀን ከትምህርት ስመለስ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«አንቺ ስለ ቃል አይደል የምትማሪው? እስቲ በሕይወት ላለ ሰው ብቻ የሚባል አንድ ቃል ስጪኝ።»

ግሪኮቹን ሁሉ በልቤ ዞርኳቸው።

«እንግዲያው እንስማማ» አለች። «ከሞተ፣ በሰማሽበት ሰዓት ንገሪኝ። ንጋት አትጠብቂ፣ ሽማግሌ አትጠብቂ። ሞተ በዪኝ። እንደዚያ ከሆነ ደህና ነው ስትዪኝ አምንሻለሁ።»

ተስማማን። ከዚያ ወዲህ ማታ ስገባ «ደህና ነው» እላታለሁ፤ እሷም ትበላለች። በሩን ግን መቀርቀሯን አልተወችም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ ከሳሪስ ከተሳፈርኩበት ታክሲ ስወርድ የእድሩ ዳኛ ቆመው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ቤታቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው መጥተው ሲያቅፉኝ ገባኝ።

«ነገ ማለዳ እንመጣለን። እስከዚያ እሷ እንዳትሰማ፤ ቻይው ልጄ» አሉኝ።

«አባባ፣ አልችልም። ከእሷ ጋር የተስማማነው አለ።»

«እናትን በማታ የሚያስለቅስ ምን ዓይነት ስምምነት ነው? ትተኛ እንጂ!» ብለው ተቆጡኝ።

አልሰማኋቸውም። ቤት ስደርስ እናቴ እራት አቅርባ ትጠብቀኛለች።

«እሺ፣ ምን ወሬ አለ?»

«እማዬ፣ ሞቷል።»

ከንፈሬን አየች። ከዚያ «ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብዪ» አለችኝ። ደገምኩላት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተነሳች። የወንድሜን ብርድ ልብስ ከሳጥን አውጥታ አራገፈችና አልጋውን አነጠፈች። ቀጥላ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ መቀርቀሪያውን ሳታስገባ ገብታ ተኛች። አእምሮዋን የነካሁት መሰለኝ። ስምምነታችንን ረገምኩት፣ ፊደል የቆጠርኩበትን ቀን ረገምኩት፣ ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ።

ሲነጋ ሽማግሌዎቹ መጡ። እናቴ ለብሳ ተቀምጣ ነበር። ገና ደጁን ሲረግጡ ጮኸች፤ ጎረቤታችንም ሮጣ መጥታ ያዘቻት።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ፣ ድንኳኑ ተነስቶ ብቻችንን ስንቀር ጠየቅኳት።

«ያን ማታ ለምን አላመንሽኝም?»

«አምኜሻለሁ» አለች። «ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ የቀረችው አንድ ሌሊት ነበረች። ያቺን እንኳ ልጄ ቤቱ ይደር ብዬ ነው።»