ሰው የሌለበት ፎቶ

አባባ በተቀበረ ማግሥት፣ ለቅሶ ደራሹ ድንኳኑን በሞላበት ሰዓት፣ አክስቴ ከመሀል ተነስታ ሁለት እጇን ዘረጋች። ይዛው የምታለቅስበትን የወንድሟን ፎቶ መጠየቋ ነበር። በእኛ ዘንድ የሟቹ ፎቶ ከፍ ብሎ ካልታየ ለቅሶው ለቅሶ አይመስልም። እጇ ባዶውን ሲቀር ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

"ምነው፣ ፎቶ የለው? ይቺ አይደለች እንዴ ፎቶ አንሺዋ?"

ነኝ። እንጀራዬ እሱ ነው። ለአንድ የውጭ አገር የጉዞ ድርጅት ባሕር፣ የበረዶ ተራራና የታወቁ ከተሞችን ሕንፃ አነሳለሁ። ኮምፒውተሬ ውስጥ ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ በየመልኩ አለ፤ ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ጫፉ እንደ ጧፍ የቀለጠው። የድልድዩና የግንቡማ ተወርቶ አያልቅም። የአባቴን ግን እዚያው ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ስልኬን ብበረብር አንድም አጣሁ። የቀረው ቤተሰብ ደግሞ "ፎቶ ከሆነ እሷ አላት" ብሎ ተዘናግቷል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እኔ ነኝ። በመጨረሻ የቀበሌ መታወቂያው ከካፖርቱ ኪስ ተገኘ፤ ላብ በልቶት የቀረው ጥምጣሙና ጢሙ ብቻ ነበር። አክስቴ እሱኑ በሁለት ጣቷ ይዛ አለቀሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አባባ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበር። ሥራዬን አይንቀውም፣ አያደንቀውም፤ ይገርመው ነበር እንጂ። አንድ ጊዜ የበረዶ ተራራ ባሳየው ስልኩን ከዐይኑ አራቀ፣ አቀረበና፦

"ይህን ለማየት ነው መርከብ የተሳፈርሽ?" አለኝ።

"አዎ፣ አባባ።"

"እኛ አገር ዳባት በረዶ ሲጥል እህላችንን እንዳይፈጀው እግዚኦ እንላለን። አንቺ ደግሞ ባሕር ተሻግረሽ ትፈልጊዋለሽ!" ሳቀና መልሶ አየው። "ሰውስ? ሰው አይደርስበትም?"

ድርጅቱ ሰው ያለበትን ፎቶ እንደማይወድ አስረዳሁት። ቦታው ባዶ ሲሆን ነው ተመልካቹ ራሱን እዚያ ቆሞ የሚያየው፤ ሌላ ሰው ካለ ግን ቦታው ተይዟል። አባባ ራሱን ነቀነቀ። የገባው ግን አልመሰለኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዕረፍት መጥቼ፣ የጥንቷን እቴጌ ግንብ ፍርስራሽ ላነሳ ወደ ቁስቋም ስወጣ አብሮኝ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰማዩ ደምኗል። ካሜራዬን ተክዬ ብርሃን ስጠብቅ እሱ ሄዶ ከግንቡ ቅስት ሥር ቆመ። ጥምጣሙን አስተካከለ፣ ነጠላውን አጣፋ፣ መቋሚያውን ከፊቱ ተክሎ ትንፋሹን ያዘና ቀጥ አለ። እሱን ላነሳው መስሎታል። ወዲያው ደመናው ተገልጦ ብርሃኑ ግንቡ ላይ ወረደ። ቁልፉን አንዴ ብቻ ተጫንኩ። ከዚያም፦

"አባባ፣ እስቲ ትንሽ ወደዚያ ፈቀቅ በልልኝ" አልኩት።

"እ? ገባሁብሽ እንዴ?" ብሎ መቋሚያውን አንስቶ ወደ ጥዱ ሥር ሄደ። እሱ ፈቀቅ ሲል ደመናው ተመለሰ። እስኪመሽም ብርሃኑ አልመጣም።

ስለዚህ በእጄ የቀረው ያ አንድ ፎቶ ነበር። በሳምንቱ ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩትና አባቴን አጠፋሁት። ዐሥር ደቂቃም አልፈጀብኝ። መጀመሪያ መቋሚያውን፣ ቀጥሎ ነጠላውን፣ ከዚያ ፊቱን። ፕሮግራሙ ራሱ ከአካባቢው ድንጋይ እየወሰደ የቆመበትን ቦታ ሞላው። ዋናውን አላስቀረሁም፤ አባባ የሌለበትን በላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። የካሜራውንም ካርድ ለሚቀጥለው የባሕር ጉዞ ስዘጋጅ ጠረግሁና በረዶ ሞላሁበት። ያን ጊዜ አባቴ የሚሞት ሰው አይመስለኝም ነበር።

ፎቶው ተወደደልኝ። የድርጅቱ መጽሔት ሽፋን ላይ ወጣ፤ እኔም ኮራሁ።

ለአርባው ቤቱን ስናሰናዳ፣ ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ አዲስ ሚስማር አየሁ። ምን ሊሰቀልበት እንደሆነ እናቴን ጠየቅኋት።

"እሱ ነው የመታው" አለች። "ልጄ ቁስቋም ላይ አነሳችኝ ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ነው የከረመ። አሳጥባ ታመጣልኛለች ይላል። በስልክ ጠይቃት ስለው፣ ሥራ ላይ ናት፣ አላስቸግራትም አለኝ። እስቲ እሱን አውጭው፤ ለአርባው እንስቀለው።"

"የለም፣ እማዬ። አጥፍቼዋለሁ።"

መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ትቆጣኛለች ስል ጭራሽ ማምለጫ ፈለገችልኝ።

"ተበላሽቶ ነዋ! ዐይኑን ጨፍኖ ይሆናል። የመታወቂያውን ጊዜም እየጨፈነ ሦስቴ ነው ያስነሱት።"

አዎ ብላት በዚያው ያልፍ ነበር። የአንድ ቃል ውሸት ነች፤ እሷም ደስ ብሏት ትቀበለኛለች። ግን ጥፋቱን እሱ ላይ ላላክክ አቃተኝ።

"አልጨፈነም፣ እማዬ" አልኳት። "ዐይኑን ከፍቶ እኔን ነበር የሚያየው።"