ባጃጁን ከዘፈኔ ማን አወጣው

«እኅቴ፣ ድምፅሽ ያምራል፤ ግን የአባቶቻችንን ዜማ አታበላሺብን!»

እንዲህ ያለኝ ከረቫት ያሰረ ሰውዬ ነው። ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ በአንድ ስብሰባ መዝጊያ ላይ ዘፍኜ ክራሬን ወደ ሽፋኑ እየከተትኩ ነበር። «ምኑን ነው ያበላሸሁት?» አልኩት።

«የዚያችን የነፍሰ ጡር ዘፈን ነዋ! ትክክለኛው ግጥም ‹ባለጋሪ ቀስ በል› ነው የሚለው። አንቺ ባጃጅ ዶልሽበት። ለዘመናዊነት ብላችሁ ባህሉን ገደላችሁት እኮ» ብሎኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ምሳው ሄደ።

እኔ ንዴት ሲይዘኝ አፌ ይተሳሰራል። መልሱ ከተፍ የሚልልኝ ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው። ኧረ እኔ ባጃጅ አልዶልኩም! ባጃጅ እዚያ ዘፈን ውስጥ ያለው ስጽፈውም ስለነበረ ነው። ጋሪ የሚባል ነገር አላሰብኩም፣ አልጻፍኩም፣ አልዘፈንኩም። አዲስ ከተማ ሰፈር በተከራየኋት አንዲት ክፍል፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ አፍንጫዬን እየጠረግሁ የጻፍኩትን ዘፈን አይቼው የማላውቅ ሰው ቆሞ ያርመኛል። አይ ድፍረት! ያን ቀን የቀረበልኝን ምሳ ሳልነካው ነው የወጣሁት።

ዘፈኑ ስለ አክስቴ ልጅ ነው። እናቴ ስትሞት ወስደው ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ከከተማው ወጣ ባለችው ቡሹሎ በአንድ ቤት፣ በአንድ አልጋ ነው ያደግነው። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ ስዘፍን የምታጨበጭብልኝም እሷ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ምጥ ሲጠናባት ከተማ ሆስፒታል ትሂድ ተባለ። በዚያ ዝናብ መኪና ከየት ይምጣ፤ በባጃጅ ጫኗት። መንገድ ላይ ጭቃ ያዛቸው። እሷም ሆነች በሆዷ ያለው ልጅ ሆስፒታል አልደረሱም። እኔ በዚያ ሰዓት ይርጋለም ሰርግ ላይ እየዘፈንኩ ነበር።

ከወር በኋላ ዘፈኑ መጣ። በቋንቋችን በሲዳሙ አፎ ነው የጻፍኩት፤ በአማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

ባለባጃጅ ቀስ በል፣ ጭቃው አይጣልህ፤
ሁለት ነፍስ ነው እንጂ አንድ አይደል ጭነትህ።

እስኪ የቱ ጋ ነው እዚህ ውስጥ ጋሪ የሚገባው?

ስዘፍን አሥር ዓመት አልፎኛል። አሳታሚ የለኝ፣ ባንድ የለኝ፣ ማኔጀር የለኝ። ስፒከሬን የምሸከም እኔ፣ ገመዱን የምቀጣጥል እኔ፣ በስልኬ ቀርጬ ዩቲዩብ ላይ የምጭን እኔ። ለሰርግ ይጠሩኛል፣ ለምርቃት ይጠሩኛል፤ ግን ሁልጊዜ «እስኪ ያቺን የእገሊትን በይልን» ነው። የራሴን ስጀምር ሰው ሁሉ ስልኩን መነካካት ይጀምራል። አልቅሼም ተሳድቤም ለምጄዋለሁ። ይህቺ አንዷ ግን ልዩ ናት። እሷን ስጀምር አስተናጋጆቹ ሳይቀሩ ትሪ ይዘው ይቆማሉ። በመጨረሻ አልበም ላወጣ ስነሣ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኳት እሷን ነበር። እሷ የእኔ ካልሆነች እኔ የሰው ዘፈን አሳማሪ ነኝ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም።

ስለዚህ ሰውዬው ያለኝን እያብሰለሰልኩ፣ ዘፈኖቼን በስሜ ላስመዘግብ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራውም፤ ብጠራው ደሜ ይፈላል። የተቀበለኝ ባለሙያ መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ጨዋ ሰው ነው። ዝርዝሬን አገላብጦ አየና «ሌሎቹ ችግር የለባቸውም። ይህቺኛዋን ግን በስምሽ መመዝገብ አንችልም፤ ባህላዊ ናት» አለኝ።

«ማን አለ?»

«እዚህ አለችና። ባለሙያዎች ገጠር ወርደው የቀረጹት ነው፤ በሬዲዮም ተላልፏል» ብሎ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። «ባህላዊ ዘፈን፤ ደራሲው የማይታወቅ፤ ቡሹሎ ከሚኖሩ እናት የተገኘ» ይላል። ከሥሩ ያለውን ቅጂ ተጫነው።

የአክስቴ ድምፅ ነው።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አክስቴ ጌታን ከተቀበሉ ጀምሮ መዝሙር እንጂ ዘፈን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ክራሬን ይዤ ስገባ «ይህን የዓለም ነገር ደጅ አስቀምጪው» የሚሉኝ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ስዘፍን መጥተው ያላዩኝ፣ ለጎረቤት «ልጅቷ ንግድ ላይ ናት» የሚሉ አክስቴ! ይኸው ዘፈኔን ከዳር እስከ ዳር ያወርዱታል። ባጃጁ በነበረበት ቦታ ሁሉ ጋሪ ገብቷል።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ቢያንስ የገባኝ መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ የድሮ ዘፈን ፈልገው መጡ፤ እሳቸው ደግሞ እንግዳ እንዳያፍር ብለው የእኔን ሰጡ፤ የድሮ እንዲመስል ባጃጁን አውጥተው ጋሪ አስገቡ። ለእኔ ሲሆን ኃጢአት፣ ለእንግዳ ሲሆን ባህል!

«እኚህ ሴትዮ አክስቴ ናቸው» አልኩት ባለሙያውን። «የሰሙት ከእኔ ነው!»

«ሁሉም እንዲህ ይላል፣ እኅቴ። እሳቸው ራሳቸው መጥተው ከአንቺ ነው የሰማሁት ካሉ ግን እናስተካክላለን።»

ከደጁ ሳልርቅ ደወልኩላቸው። ሰላምታም አላስቀደምኩ። «ዘፈኔን ለሰው ይስጡ ብዬ ፈቅጄልዎት ነበር?» አልኩ። ቀጥዬም፦ «ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጥተው እውነቱን ይናገራሉ!» «እመጣለሁ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሆነ፣ የሉም። ሦስት ተኩል፣ የሉም። ባለሙያው ሁለት ጊዜ ወጥቶ አየኝ። እኔ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ተንጨረጨርኩ። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል አክስቴ በበሩ ገቡ፤ ነጠላቸው ላብ ጠጥቷል፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ነው።

«ምን ሆነው ነው?»

«በእግሬ መጣሁ።»

«በእግር? ከቡሹሎ? መንገዱ ባጃጅ በባጃጅ ሆኖ!» ጮህኩባቸው። ሆን ብለው ሊያስቆጡኝ ያደረጉት ነው የመሰለኝ። ጫማቸውን ደረጃው ጠርዝ ላይ ጠራርገው ገቡ።

ባለሙያው ተነሥቶ አስቀመጣቸው፤ ውኃም አመጣላቸው። ከዚያ ቅጂውን ትንሽ አሰማቸውና በሲዳሙ አፎ «እናቴ፣ ይህን ከማን ነው የተማሩት?» አላቸው።

«ከማንም» አሉ አክስቴ።

ከመቀመጫዬ ዘለልኩ። «አንቺ ውሸታም!» አልኩ።

አንቺ አልኳቸው። አፍ ከፈታሁ ጀምሮ እርስዎ እያልኩ የኖርኩትን ሴት፣ በሰው ፊት አንቺ! እዚያ ማዶ ስትጽፍ የነበረችው ሴት ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ባለሙያው አንገቱን ደፋ። እኔ ግን ማን ይመልሰኝ፤ ባጃጁን፣ ጋሪውን፣ አሥር ዓመቴን፣ ባለከረቫቱን ሰውዬ ሁሉንም አንድ ላይ አራገፍኩባቸው። አክስቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«እኔ ዘፈን አልዘፈንኩም» አሉ ከዚያ። «ልጄ ስትሞት አታልቅሺ አሉኝ። ጌታ ጋ ናት፣ ተስፋ እንደሌለው ሰው አታልቅሺ አሉኝ። እሺ አልኩ። አንቺ ግን አንድ ቀን ቤታችን ደጅ ላይ ለእንግዶች ስትዘፍኚው ጓዳ ሆኜ ሰማሁሽ። ከዚያ ወዲያ እንሰት ስፍቅ በእሱ አለቅሳለሁ፣ ውኃ ስቀዳም በእሱ አለቅሳለሁ። ሰው መዝሙር ይመስለዋል። እነዚያ ሰዎች መጥተው የድሮ ዘፈን ንገሪን አሉኝ። የድሮውን ሁሉ ረስቼዋለሁ። ያለኝ ይኸው ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ዝም ይላል። እኔ ግን «ባጃጁንስ?» አልኩ። «ባጃጁን ለምን አወጡት?»

ቀና ብለው አዩኝ።

«የጫንኳት እኔ ነኝ። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ሰውዬውን ፍጠን ፍጠን ያልኩትም እኔ ነኝ፤ አንቺ በዘፈንሽ ቀስ በል አሰኘሽኝ። ያን ነገር እንኳን ልሳፈርበት፣ ስሙን አፌ እምቢ ይለኛል። ስለዚህ ጋሪ አልኩ።» ውኃውን አንሥተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። «አንቺስ? በልጄ ሞት ስትዘፍኚ መጥተሽ ጠይቀሽኝ ነበር?»

አልጠየቅኳቸውም። አንድም ቀን፣ በስልክም በአካልም። በየሆቴሉ፣ በየስብሰባው ልጃቸውን ባጃጅ ላይ ስጭን፣ ሰው ሲያጨበጭብልኝ እጅ ስነሣ፣ «የእኔ ናት» እያልኩ ስፎክር፣ እናት እንዳላት እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ግጥሜ ለካ መንገዱ ላይ ምን እንደተባለ የማያውቅ ሰው የጻፈው ነው። ሌባ ፍለጋ ስሮጥ ከርሜ ሌባዋ እኔው ሆኜ ተገኘሁ፤ ይህም ደግሞ አናደደኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ በእሳቸውም ላይ ጭምር አናደደኝ።

ባለሙያው ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ ልማዱ ቀስ ብሎ፣ «እንግዲህ የማን ብዬ ልጻፍ?» አለ።

ወደ እሳቸው ማየት አቃተኝ።

«የእሷ ነው ብለህ ጻፍ፣ ልጄ» አሉት አክስቴ። «የእኔ የነበረችው ልጄ ናት።»

ጻፈ። ማኅተም መታበትና ወረቀቱን ከእስክሪብቶ ጋር ወደ እኔ ገፋው። አክስቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ እየሄዱ ነበር፤ በእግራቸው ሊመለሱ። «ተወው፣ ሰርዘው» ማለት ነበረብኝ። ፈረምኩ።