እንግሊዝ ገደል ያለው ካሚዮን

ይታየው ከቤቱ ሲወጣ ልጁ ተሾመች ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ዘመኑ ሠላሳ ሦስት ነው፤ ጣሊያን የሚባረርበት ግንቦት። በመንዝ የሚያልፉት የእንግሊዝ ጦር ካሚዮኖች አገሩን የሚያውቅ መንገድ መሪ ፈለጉና ይታየው ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከሾፌሩ ጎን ተሳፈረ። በዚያው ቀረ።

ክረምቱ ሲወጣ፣ የጠፋ ከብት ፍለጋ ከዘመሮ ከተማ በታች ወዳለው ገደል የወረዱ ሰዎች የተገለበጠ ካሚዮን አገኙ። ከጎኑ ጅብ የበተነው የአንድ ሰው አጥንት አለ። ከይታየው ሌላ ማን ይታሰባል? አጥንቱ በነጠላ ተለቅሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተቀበረ፤ ገደሉም ከዚያ ወዲህ እንግሊዝ ገደል ተባለ። እናትየው ዓመት ሳይሞላ ሌላ ባል አገቡ። ተሾመች ይህን አድገውም፣ ወልደውም ይቅር አላሉም።

ያለ አባት ያደገ ልጅ የሚመካበት ያጣል። ተሾመች ግን ካሚዮን ነበራቸው። የእንጀራ አባታቸው ሲቆጡም፣ እኩዮቻቸው ሲሰድቧቸውም “የኔ አባት እንግሊዝን መንገድ የመራ ነው” ብለው ወደ ገደሉ ያሳዩ ነበር። ካገቡም፣ ባላቸውን ከቀበሩም በኋላ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ዳቦ ይዘው ይወርዳሉ። ቆርቆሮውን ባለእጆች ለማረሻና ለማጭድ እየቆረጡ ጨርሰውታል፤ የቀረው ሻንሲውና ሞተሩ ነው። ቁራሊዮ እያሉ አሮጌ ብረት የሚገዙ ሰዎች ሲመጡ ተሾመች እሱ ላይ ተቀምጠው በዱላ ያባርሯቸዋል። “የአባቴን መቃብር ነው የምትሸጡት?” ይላሉ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ አፈወርቅ የሚባል ሰው ከደብረ ብርሃን መጣ። ገራዥ የነበረው ሽማግሌ ነው። በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዞች የነዷቸውን ካሚዮኖች ማጥናት ይወዳል፤ ቤድፎርድ የሚባል አንድ አሮጌ የእንግሊዝ ካሚዮን ስለሚጠግን ዕቃም ይፈልጋል። ዘመሮ ገበያ ላይ ስለ ገደሉ ካሚዮን ሰምቶ ነው የመጣው።

“እማማ፣ አየዋለሁ እንጂ አልነካውም” አላቸው።

ወይዘሮ ተሾመች ደስ አላቸው። አባታቸውን ፈልጎ የመጣ የሩቅ ሰው አይተው አያውቁም። ልጃቸው ኪዳነ ክንዳቸውን ይዞ ሦስቱም ወረዱ።

አፈወርቅ ተንበርክኮ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቀ። ሞተሩን ዞሮ አየ፤ እንደገና ዞረ። ከዚያ ብሩሹን መሬት ላይ አስቀመጠ።

“ምን አገኘህ ልጄ?”

“እማማ… ይሄ የእንግሊዝ አይመስለኝም።”

ኪዳነ ሳቀ። “መሪው የታሰረበትን አላየህም? በቀኝ ነው እኮ! በቀኝ የሚነዳ እንግሊዝ አይደለም እንዴ?”

“የዚያን ጊዜ የጣሊያንም ትልልቅ ካሚዮን መሪው በቀኝ ነበር። ይሄ ደግሞ የናፍጣ ሞተር ነው። እንግሊዞቹ በዚህ በኩል ያሳለፏቸው፣ እኔ የማውቃቸው፣ ቤንዚን የሚጠጡ ናቸው። ይኸው፣ ብረቱ ቀልጦ ሲሠራ አብሮ የወጣው ፊደል ጣሊያንኛ ነው።”

“ማርከውት ቢሆንስ?” አለ ኪዳነ፤ አሁን አልሳቀም።

“ይሆናል። የማረኩትን ሲነዱ የራሳቸውን ቁጥር በቀለም ይጽፉበት ነበር። እዚህ ግን ቀለም የሚባል ነገር አልተረፈም። አላውቅም ወንድሜ፤ ከዚህ በላይ ብረቱ አይናገርም።”

ወይዘሮ ተሾመች ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። “ከእንግሊዞቹ ጋር የሄዱት መንገድ መሪዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ?” ብለው ጠየቁ።

አፈወርቅ ሊያጽናናቸው ፈለገ። “ሁሉም አልሞቱም እማማ። ከካሚዮኖቹ ጋር ኬንያ ድረስ ወርደው እዚያው የቀሩ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።”

“ትዳር ይዘው?”

“እንግዲህ… ሰው አይደሉ?”



እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባታቸውን መምሬ ገብረ አማኑኤልን ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር አገኟቸው። “አባ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስለዚያ አጥንት ያስቀደስኩት ለማን ነው? ለጣሊያን ነው?”

መምሬ በክርስትና ስማቸው ጠሯቸው። “ወለተ ኢየሱስ፣ አጥንት አገሩን አይናገርም። አንቺ የጠራሽው የአባትሽን ስም ነው፤ እግዚአብሔርም የሰማው እሱኑ ነው።”

“ስሙስ ይድረስ። ሰውየው ግን ሞቶ ነው የቀረው፣ ትቶን ነው?”

መምሬ መስቀላቸውን አሳለሟቸው።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ተሾመች ምግብ ቀነሱ። ሐምሌ ላይ የሰፈሩ ጎረምሶች ብረቱን ቆርጠው ሊሸጡ መጡና ኪዳነ እናቱን አማከራቸው። “እንደወደዱ ያድርጉ” አሉ፤ ከመደባቸውም ቀና አላሉም።

አንድ ቀን ውጭው በጉም ተሸፍኖ እሳት ዳር እንደተቀመጡ፣ “እናቴ እኮ ያን ገደል አንድ ቀን ወርዳው አታውቅም” አሉት ኪዳነን። “መቃብሩም ላይ ስታለቅስ አላየኋትም። ልቧ ድንጋይ ነው እል ነበር። ትቶን እንደሄደ ታውቅ ኖሯል?”

“ተይው እማዬ፣ አሁን አትጠየቅ ነገር።”

“አዎ። በቁሟም አልጠየቅኋት። ስሰድባት ኖርኩ።”

ኪዳነ እንጨት ጨመረ።

ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ሳይታጨድ፣ አረፉ። ለቅሶው ላይ አልቃሿ አስካለ ማርያም ልታወድሳቸው ተነሥታ፣ ሙሾዋን እንደ ወጉ ከአባት ልትጀምር ስትል ተደናገረች። የካሚዮኑን ነገር አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ወደ ኪዳነ ጠጋ ብላ፣ “የማን ልጅ ልበላቸው?” አለችው በሹክሹክታ።

“የይታየው ልጅ በያት።”

“የትኛው ይታየው? ገደል የገባው ነው ልበል?”

“ይታየው ብቻ በይ” አላት።

እሷም እንደዚያ አለች። ሕዝቡ ደረቱን እየመታ ተቀበላት።