ሐኪም ፊት የሚድነው ባሌ

ባሌ ቀጀላ ዕድሜውን የፈጀው በከብት ሐኪምነት ነው። ያኔ መንገዱ ሰላም ስለነበር ከነቀምት እስከ ጊምቢ፣ ወዲያም እስከ ኪራሙ በሞተር ሳይክል እየዞረ ያልከተበው በሬ የለም። አንድ ገበሬ ላሙን ጎትቶ አምጥቶ «ኧረ ደህና ናት» ካለው ግን አለቀለት። «ደህና ከሆነች ምን ልትሠራ አመጣሃት? ልታስተዋውቀኝ ነው?» ይለዋል። ሰዉ ይስቃል፤ ገበሬውም አንገቱን ደፍቶ እውነቱን ያወራል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው ራሱ ሲታመም ጉድ የሠራኝ።

ፓርኪንሰን ነው አሉን። ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ፈገግ ማለት እንቢ ብሎታል፣ አንዳንዴ ደግሞ መሬቱ የያዘው ይመስል ባለበት ቀጥ ይላል። ክኒኑን ሲውጥ ለጥቂት ሰዓት ሰው ይሆናል። ኃይሉ ሲያልቅበት ግን እኔ ካልጎተትኩት ከወንበር አይነሳም። ባለፈው ወር ባኬ ጃማ ያለው ቤታችን በር ላይ ወድቆ ግንባሩ ተሰፋ። አሁን አሁን ምግብም ያንቀው ጀምሯል። መድኃኒቱ እንዳልበቃው ለማወቅ መቼም ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ቀጠሮ ሲደርስ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጢሙን በእኔ ያስላጫል፣ ኮቱን ያስቦርሻል፣ ክኒኑንም ልክ ሐኪሙ ጋ ሲደርስ እንዲሠራለት አስልቶ ይውጣል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አይደል፣ ሰው ፊት ተንቀጥቅጦ መታየት ሞቱ ነው። ዶክተር ጂሬኛ «ኦቦ ቀጀላ፣ አከም ጅርቱ?» ሲለው፣ «ፈያ! ገለተ ዋቃ!» ብሎ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል። እንዴት ነህ ላለ ሁሉ ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚባለው፤ ማን መንገድ ላይ በሽታውን ይዘረዝራል? ግን እኮ ይሄ መንገድ አይደለም፣ ሐኪም ቤት ነው! እኔ አፌን ስከፍት በጉልበቱ ይጎስመኛል። ዶክተሩም «በጣም ጥሩ፣ ያው መድኃኒት ይቀጥል» ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እላለሁ፤ ማን ሊሰማኝ።

ሰሞኑን የሄድን ዕለት ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቀን። ሆስፒታሉ ለፓርኪንሰን ሕመምተኞች የሚሰጠውን ሕክምና ጥራት እየለካ ነው ተባለ። ደህና የሆኑትን በስድስት ወር አንዴ ብቻ ሊያይዋቸው ነው አሉ። ስድስት ወር! እስከዚያ ስንቴ ሊወድቅብኝ ነው? ሊሊሴ የምትባል ልጅ ታብሌቷን ይዛ አጠገባችን ቁጭ አለች።

«አባባ፣ የሐኪሙ መስተንግዶ እንዴት ነው?»

«በጣም ጥሩ።»

«መድኃኒቱ ለውጥ አምጥቶልዎታል?»

«እንዴታ!»

«ያጋጠመዎት ችግር ይኖራል?»

«ምንም። እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ተባረኩ።»

«ልጄ፣ እስቲ ግንባሩን እዪው!» አልኳት።

«አዴ፣ መልሱ ከታካሚው ብቻ ነው የሚወሰደው» አለችኝ በትሕትና። በእሷስ አልፈርድም፣ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። ቀጀላ እንደሆነ ሙሉ ነጥብ ሰጥቷቸው አረፈ።

ደግነቱ ይኸው የጥራት ጥያቄ ሰልፉን አጓተተው። ሰው ሁሉ እየተጠየቀ ተራችን ሳይደርስ ረፈደ፣ የጠዋቱም ክኒን ኃይሉ አለቀበት። መጀመሪያ ጣቶቹ ጀመሩ፣ ከዚያ ጉልበቱ።

«ሸዌ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ክኒኔን ስጪኝ።»

የቀትሩ ክኒን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። «አልሰጥህም» አልኩት።

«በሞቴ!»

«ሞትህን አታንሳብኝ! ዛሬ እንዳለህ ትገባለህ።»

ተጋብተን ስንኖር እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። እንደ ጠላት ነው ያየኝ። ጨከንኩ።

ስሙ ሲጠራ ደግፌ አስነሳሁት። የሐኪሙ ክፍል በር ላይ ስንደርስ እግሩ ተተከለ፤ ወይ ወደፊት ወይ ወደኋላ የለም። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ያያል፣ ከቤተ ክርስቲያናችን የመጡም አሉ። ላብ አጠመቀው። እኔም አንጀቴ አልችል ብሎ ክኒኑን ላወጣ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ዶክተር ጂሬኛ ግን ቀድሞኝ ከወንበሩ ተነስቶ መጣ። እንዴት ነዎት አላለውም። እግሩን አየ፣ ግንባሩን አየ፣ ከዚያ ክንዱን ይዞ ቀስ እያለ አስገባው።

«ኦቦ ቀጀላ፣ ይሄ በየቀኑ ነው?»

ቀጀላ እኔን አየ። «በየቀኑ» አለ።

«ሲበሉስ?»

«ያንቀኛል።»

እሰይ! ተናገር! አልኩ በልቤ። ዶክተሩ መድኃኒቱን እንደሚያስተካክልለት፣ በወሩም መልሶ እንደሚያየው ነገረን። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ አንድ ጥያቄ ጨመረ። «አልጋ ላይስ፣ ራስዎን ችለው ይገላበጣሉ?»

እሱስ ደህና ነው፣ ልል ነበር። አጠገቡ የምተኛው እኔ አይደለሁ?

«አልችልም» አለ ቀጀላ ወለሉን እያየ። «በተኛሁበት ጎን እንደሆንኩ ይነጋል። እሷ ስትነሳ ታነሳኛለች።»

«ለምን አይቀሰቅሷቸውም?»

«ቀኑን ሙሉ እኔን ስታነሳ ስታስቀምጥ ነው የምትውለው። ትንሽ ትተኛ ብዬ ነው።»

እኔ ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» እለዋለሁ። «ደህና» ይለኛል። አምኜው ሻይ ላፈላ እሄዳለሁ።