ጋቢናዬን የሞላው ጫት

ዛሬ ጠዋት አንድ የታመሙ እናት መንገድ ላይ ጥዬ መጣሁ።

በአካባቢያችን ባለው ውጊያ ምክንያት ከገለምሶ ጭሮ የሚሄደው ሚኒባስ ከቆመ ሰንብቷል። እንደኔ ጫት የጫነ መኪና ግን ያልፋል፤ የሚዋጋው ሁለቱም ወገን ይቅማላ!

እኚህ እናት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝና የሪፈር ወረቀታቸውን አሳዩኝ። «የጡት ካንሰር ነው ልጄ። የኬሞ ቀጠሮዬ ሁለቴ አለፈኝ።»

ጋቢናውንም ጫት ሞልቼው ነበር። «እማማ፣ ቦታ የለም፤ ጫቱ ከጠወለገ ማን ይገዛኛል?» አልኳቸው። ጥቂት እስር ባወርድ ይበቃቸው ነበር።

«ናጋን ጋሊ፣ በሰላም ግባ» ብለው መረቁኝ።

ጫቱ እንደለመለመ ጭሮ ገባ። ተራግፎ አልቋል፤ እኔ ግን ከባዶው ጋቢና መውረድ አቅቶኛል።

እናንተስ እንዲህ ጥላችሁት ያለፋችሁት ሰው አለ? ጻፉልኝ። ይህን ያደረግኩት እኔ ብቻ ባልሆን ትንሽ ይቀለኝ ነበር፤ እኔ ብቻ ብሆን ግን ይሻላል፤ ሌላ መንገድ ላይ የቀረ ሰው አይኖርማ።