የጋሽ ግራም ንጹሕ ማንኪያ

ጋሽ ግራም ምግብ ማብሰል ለመማር የተመዘገበው በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ በሰው አገር፣ በገዛ ውሸቱ ተይዞ ነው። ውሸቱ መጀመሪያ ላይ ትልቅ አልነበረም። ባለቤቱ በስልክ "ምን በላህ?" ባለችው ቁጥር "ሠርቼ በላሁ" ይላታል። የሚበላው ግን የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ ነበር፤ ያውም ሳህን ላለማቆሸሽ ከዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሞ። በአራት ዓመት ውስጥ ውሸቱ እያደገ ሄዶ ሾርባ ሆነ፣ ከሾርባ ወደ ዓሣ ተሻገረ፣ በመጨረሻም አንድ እሑድ ለእንግዳ ዶሮ እንደጠበሰ ተናገረ። እንግዳ የተባልኩት እዚያው ከተማ የምኖረው እኔ ነበርኩ። ያን እሑድ ሁለታችንም የበላነው እንቁላል ነው።

የመምጫ ፈቃዷ ወጥቶ ቲኬት በተቆረጠ ሰሞን ባለቤቱ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ ደወለች። ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ስለነበር እኔም ሰምቻለሁ።

"እንግዲህ ስማኝ" አለችው። "ሠላሳ አንድ ዓመት አብስያለሁ። ባሕር ተሻግሬ ሌላ ምድጃ ሥር ለመቆም አልመጣም። በመጣሁ በመጀመሪያው እሑድ አንተ ትሠራለህ፣ እኔ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ከጣመኝ እቀመጣለሁ። ካልጣመኝ የመልስ ቲኬቴ በቦርሳዬ ነው።"

እየሳቀች ነው የተናገረችው። ጋሽ ግራም ግን አልሳቀም። እሷ እየሳቀች የተናገረችው ነገር ሁሉ ሲፈጸም ሠላሳ አንድ ዓመት አይቷል።

እነሱን የማውቃቸው ከተማሪነቴ ጀምሮ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስማር ከግቢያቸው ጥግ ያለችውን ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር፤ እሑድ እሑድ እትዬ ለምሳ ትጠራኛለች። ጋሽ ግራም ያኔ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ፋርማሲስት ነበር። ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ የማይመጣውን ቅባትና ሽሮፕ መዝኖ፣ በጥብጦ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው። "ትንሽ ጨመር አድርግልን" ሲሉት "ትንሽ ማለት ስንት ግራም ነው?" ይላቸው ነበርና። ስሙ ከሆስፒታሉ ሾልኮ ሰፈር ገባ፤ የልጁ የሠርግ ካርድ ላይ ሳይጻፍ የቀረውም ለጥቂት ነው።

የመድኃኒት ክፍሉ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ነበር፦ እዚህ ክፍል ውስጥ ምንም ነገር አይቀመስም። አንድ ባልደረባው ጣቱ ላይ የፈሰሰ ሽሮፕ ሲልስ ታይቶ ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሯል። ጋሽ ግራም ይህን ሕግ ሙሉ የሥራ ዘመኑን አክብሮ ኖረና ሲሰናበት ይዞት ወጣ። በሰው አገር ያገኘው ሥራ መጋዘን ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን መደርደር ነው። አለቃው በመጠን ደርድር ይለዋል፤ እሱ ግን ሰው ሳያየው በፊደል ተራ ይደረድረዋል።

ከእነዚያ እሑዶች አንድ ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። ምሳ ይቀርባል። እትዬ ገና ወንበሯን ስትስብ ጋሽ ግራም የጨው ዕቃውን አንሥቶ ሳህኑ ላይ ሦስት ጊዜ ያራግፋል። ከዚያ ይጎርሳል። ከዚያ "ጨው አንሶታል" ይላል። በሚቀጥለው እሑድ እትዬ ጨው ትጨምራለች፤ እሱም በሚቀጥለው እሑድ ሦስት ጊዜ ያራግፋል። ያኔ የአነጋገሩን እርጋታ ሳይ የባለሙያ ምላስ ያለው ይመስለኝ ነበር።

ትምህርቱ የሚሰጠው በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነበር። በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት "ዓለም በአሥር ማክሰኞ" ይላል። በየሳምንቱ አንድ የዓለም ጥግ ይበሰላል። አንድ ማክሰኞ የደሴት ሰዎች የዓሣ ሾርባ፣ በሚቀጥለው በጎመን የተጠቀለለ ሥጋ፣ ከዚያ ደግሞ ስሙን አስተካክሎ መጥራት ብቻ ሩብ ሰዓት የፈጀ ሩዝ። ተማሪዎቹ ስምንት ናቸው። ሽንኩርቱን ከመክተፏ በፊት ፎቶ የምታነሣ የጥርስ ሐኪም አለች። ምክንያቱ ሳይነገረው ካሮት የማይልጥ ጡረተኛ ዳኛ አለ። የትዳር አማካሪ በአንድ ድስት እንዲያበስሉ ያዘዛቸው ባልና ሚስትም ነበሩ፤ በሦስተኛው ማክሰኞ ሁለተኛ ድስት ጠየቁ። ሁሉም ሲቀምሱ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አንዱን የዓለም ጥግ በሁለት ሰዓት ጨርሰው፣ ኮታቸውን ደርበው በአውቶቡስ ይመለሳሉ፤ በማግስቱም የዚያን አገር ሰዎች ጠባይ ለመሥሪያ ቤታቸው ያስረዳሉ።

በስምንተኛው ማክሰኞ ተራው የጋሽ ግራም አገር ሆነ። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። እሱ ደግሞ በእርግጠኝነት የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንቁላል መቀቀል አሳያቸው። ዘጠኝ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ። የጥርስ ሐኪሟ ዓይኗን ጨፍና የአገሩ ፀሐይ እንደተሰማት ተናገረች። ዳኛው እንቁላሉ ለምን ክብ እንዳልሆነ ጠየቀ።

አስተማሪያቸው እጆቿ እስከ ክርኗ የእሳት ጠባሳ ያለባቸው ጎልማሳ ሴት ናት። ሁሉም ሼፏ ይላታል። ሚዛን አትወድም። የምታዘው አንድ ነገር ነው፤ ጨው በጣታችሁ ቆንጥራችሁ ጨምሩ፣ ቅመሱ፣ ካነሰ ድገሙ። ጋሽ ግራም በመጀመሪያው ቀን እጁን አውጥቶ ቁንጥር ስንት ግራም እንደሆነ ጠየቀ። ሼፏ ቀልድ መስሏት ሳቀች። በሁለተኛው ማክሰኞ የወርቅ ቤት ሚዛን ከኮት ኪሱ አወጣና የእያንዳንዱን ተማሪ ቁንጥር እየለመነ መዘነ። የጥርስ ሐኪሟ ከግራም ሲሶ አልዘለለችም፤ ዳኛው ሁለት ግራም አለፈ፤ ባልና ሚስቱ የማን ቁንጥር ይበልጣል በሚለው ተኳርፈው አመሹ። አማካዩን አስልቶ፣ በሠንጠረዥ አስገብቶ ለሼፏ አበረከተላት።

ደብተሩን አይቼዋለሁ። አሥር አገር እስከ ግማሽ ግራም ተመዝኖ ገብቶበታል፤ የሽንኩርቱ አከታተፍ እንኳ በሚሊ ሜትር ተለክቷል። ጣፈጠ ወይም አልጣፈጠም የሚል ግን አንድም ቦታ የለም። ቅመሱ ሲባል ማንኪያውን ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ፣ አሽትቶ፣ ራሱን ነቅንቆ ይመልሰዋል። በመጨረሻው ማክሰኞ ሼፏ ማንኪያ ስትሰበስብ የእሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችው።

"የአንተ ማንኪያ አሥር ሳምንት ሙሉ ንጹሕ ነው" አለችው።

እሱ ምስጋና መስሎት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

የምስክር ወረቀቱ ላይ ከፊርማዋ በታች በእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ጨምራበት ነበር፦ ማብሰል ችሏል፣ መቅመስ ይቀረዋል። ጋሽ ግራም ይህችን መስመር ወደ ኋላ አጥፎ ወረቀቱን በመስታወት አስገባና ከምድጃው በላይ ሰቀለው።

እትዬ ዓርብ ገባች። ቅዳሜ ጠዋት እሱ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ ተነሥታ ወጥ ቤቱን አየች። መደርደሪያው ላይ አሥራ አራት ባለክዳን ብልቃጦች ተሰልፈዋል፤ በላያቸው የተለጠፈው ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። የቁጥሩ ትርጉም ያለው ደብተሩ ውስጥ ነው፤ ደብተሩ ደግሞ መጋዘን ሄዷል። ብልቃጦቹ ላይ ያየችው አቧራ አላስቀመጣትም። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ እየገለበጠች አጠበቻቸው። ሁለት ነጫጭ ዱቄቶችን በጣቷ ጫፍ ቀምሳ ለየቻቸው፤ አንዱ ጨው ነው፣ አንዱ የላመ ስኳር። ጨው የነበረው በትንሹ፣ ስኳር የነበረው በትልቁ ብልቃጥ ነው። ይህ ለእሷ ሊዋጥላት አልቻለም። በእሷ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቶሎ የሚያልቀው ጨው ነው። ስለዚህ ጨውን ለትልቁ፣ ስኳሩን ለትንሹ ሰጠች። ቁጥሩን የብልቃጡ እንጂ የውስጡ መለያ አድርጋ አላየችውም። ሲመለስ ወጥ ቤቱን እንዳጸዳች፣ አንዳንዱንም ዕቃ እንደገለባበጠች ነገረችው። "እግዜር ይስጥልኝ" አላት፤ አልሰማትም፣ ልቡ እሑድ ላይ ነበር።

እሑድ በስድስት ሰዓት ስደርስ እትዬ ጠረጴዛው ላይ ቀርባ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። የያዘችው ቦርሳ የትኛው እንደሆነ ሳልጠይቅ ገባኝ። ጋሽ ግራም የተተኮሰ ሽርጥ አሸርጦ ምድጃው ፊት ቆሟል። ዶሮ በሎሚና በሽንኩርት፣ ከጎኑ ሩዝ። ለዶሮው ከቁጥር አራት አሥራ ሁለት ግራም መዝኖ ጨመረ፤ ለሩዙ ስድስት። ቁጥር አራት ትንሹ ብልቃጥ ነው። ዶሮው ከወትሮው አብልጦ ቀላ፣ አብረቀረቀም። ድስቱን አዘንብሎ አሳየን፤ ክፍል ውስጥ አንድም ቀን እንዲህ ያለ መልክ ወጥቶለት እንደማያውቅ ተናገረ።

ጠረጴዛው ላይ ጨው አልቀረበም። መጠኑ በልክ ስለሆነ እንደማያስፈልግ ገለጸልን። አቀረበልንና እጆቹን አጣምሮ፣ ራሱ ሳይነካው ተቀመጠ። የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ይመስል ነበር።

እኔ ጎረስኩ። ሰው ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ምን እንደሚደረግ ተምሬ አድጌያለሁ፤ ዋጥኩና "እጅህ ይባረክ ጋሼ፣ ይጥማል" አልኩ። እትዬ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት ከተማሪነቴ አስታውሰዋለሁ፤ የቤት ኪራይ ቀን ራሴን አሞኛል ስል የምታየኝ ነው። እሷም ጎረሰች። ሌላም ጎረሰች። ሩዙን ሞከረች። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀምጣ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሁለት ብልቃጦች ተራ በተራ ተመለከተች።

"አንተስ አትበላም?" አለችው።

"አንቺ ትቅደሚ ብዬ ነው።"

ከሳህኗ በማንኪያ አንሥታ ወደ አፉ ዘረጋችለት። "ቅመስ።"

ማንኪያውን ሊያሸት አፍንጫውን አስጠጋ። እሷ አልመለሰችውም። እጇ አየር ላይ ቆየ፤ በመጨረሻ አፉን ከፈተ። ለአፍታ ምንም አልታየበትም። ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

"ስኳር ነው" አለ።

"ስኳር ነው። የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ አሁን ነው የገባኝ። ይኼ የኔ ጥፋት ነው" አለችው። "ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ እሳት ፊት ስትቆም አንዴ እንኳ አልቀመስከውም?"

"ተመዝኗል እኮ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እትዬ የጨው ዕቃ የሌለበትን ጠረጴዛ ተመለከተች። የሆነ ነገር ወደ ኋላ እየቆጠረች ነበር፤ እኔም እየቆጠርኩ ነበር፤ የጨው ዕቃው ሦስት ጊዜ ሲራገፍ፣ ጉርሻው በኋላ ሲመጣ። እንደገና ስትናገር ቁጣ አልነበራትም፤ ቁጣ ቢኖራት በቀለለኝ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት ጨው አንሶታል ስትለኝ ቀምሰህ ይመስለኝ ነበር" አለችው። "ምላሴ የሞተ መስሎኝ፣ ጎረቤት ድግስ ላይ ነይ ቅመሽልን ሲሉኝ ሰበብ እየፈለግኩ እደበቅ ነበር።"

ጋሽ ግራም ወደ መደርደሪያው ዞረ። ለዚህ የሚሆን ብልቃጥ መደርደሪያው ላይ የለም። እትዬ ቦርሳዋን ከፈተች። ቲኬቱን የምታወጣ መሰለኝ። መሐረብ አውጥታ አፏን ጠረገችና ቦርሳውን መልሳ ዘጋችው፤ ግን ከጭኗ አላወረደችውም።

እሱ ተነሣ። ሳህኖቹን ሰበሰበ። የዶሮው ነገር አብቅቶለታል፤ ያልተቀቀለ ሩዝ ግን ነበርና አዲስ ውኃ ጣደ። ሚዛኑን ሊያነሣ እጁን ዘረጋና መለሰው። ከትልቁ ብልቃጥ በጣቶቹ ቆነጠረ። ቁንጥሩን ትክ ብሎ አየው፣ ስንት እንደሚመዝን እያሰላ እንደነበር እምላለሁ፣ ከዚያ ጨመረው። ቀመሰ። ምላሱ ተቃጠለ። ጠበቀ፣ ደግሞ ቀመሰ።

"ይብቃው ወይስ ልጨምር?" ብሎ ወደ እሷ ዞረ።

"እኔን አትጠይቀኝ።"

"እንጃ፣ ልወስን አልቻልኩም" አለ። ይህን ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ሳውቀው እንጃ ሲል የሰማሁት ያኔ ነው።

"እንግዲያው ድገመው" አለችው፤ ቦርሳዋንም አንሥታ ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር አኖረችው። ሩዙ ሲቀርብ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነበር። ከዚያ ሁሉ ቅምሻ በኋላ የቀረው ለሦስት ሰው አይበቃም።

የመልሱ ቲኬት ቀን ያለፈው ረቡዕ ነበር። በምሳ ሰዓት ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው እትዬ ናት፤ እየበሉ እንደሆነ ነገረችኝ። ጣፈጠሽ ወይ አልኳት።

"ጨው በዝቶበታል" አለችኝ። "ግን ሳልናገር የነገረኝ ራሱ ነው።"